ስለ ዓይን ጠይቁኝ፦ የትኛው ያድራል፣ የትኛው አያድርም?

የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። ድንገት ስለሚመጣ የዓይን ችግር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከትናንት ጀምሮ ግራ ዓይኔ ጥግ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ትንኝ የመሰለ ጥቁር ነገርም ይንሳፈፋል። ግን አያመኝም። ሳምንት ብቆይስ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ሂጂ እህቴ። ስንቱን ያሳወረው ይሄ «አያመኝም» ነው። ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሲቀደድም ሲላቀቅም አያምም። ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ሬቲናውን ሲጎትተው ብልጭታ ይታያል፣ ሲቀድደው ደግሞ ጥቁር ነጥቦች ድንገት ይበዛሉ። ቀዳዳው ቶሎ ከተገኘ ብዙ ጊዜ በሌዘር ይታሸጋል። ከዘገየ ፈሳሽ ይገባበትና ሬቲናው ይላቀቃል፤ ያኔ ከጎን እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ይመጣል። ጥላው መሃል ሳይደርስ ኦፕራሲዮን ከተሠራ ተስፋው ጥሩ ነው፣ መሃሉ ከተነካ ግን እይታው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ሩቅ የማይታያችሁና መነጽራችሁ ወፍራም የሆነ፣ የሞራ ኦፕራሲዮን የተደረገላችሁ፣ ዓይናችሁን የተመታችሁ፣ እናንተ የበለጠ ተጠንቀቁ። ደግሞ መኪና አትንጂ፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግልሻል።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ቀላ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ እንዲህ ብቻ ተብሎ አይጠየቅም። ያማል? እይታህ ቀንሷል? ብርሃን ያስቸግርሃል? ኮንታክት ሌንስ ታደርጋለህ? አንዱን «አዎ» ካልክ ዛሬ ታይ።

— እኔ ከፋርማሲ ዴክሳ ገዝቼ በአንድ ቀን ለቀቀኝ።

መልስ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ አትግዙ! ዴክሳሜታዞን ቅላቱን ያጠፋል፣ ከሥሩ ፈንገስ ወይም ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ካለ ግን ያባብሰዋል። ሲቆይም የዓይን ግፊት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ግንበኛ ነው፣ ኖራ ገባበት። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው ወይስ መታጠብ?

— የጡት ወተት አድርጉበት፣ እኛ ሰፈር ያድናል።

— ኧረ ተው፣ በዚህ የሰው ዓይን ጠፍቷል።

መልስ፦ አትከራከሩ፣ ጊዜ የለውም። ንጹሕ ውሃ፣ አሁኑኑ፣ 30 ደቂቃ ያህል፣ የዓይኑን ቆብ ገልጣችሁ እጠቡት። ኖራና ሲሚንቶ ወደ ውስጥ እየሰረገ ያቃጥላል። ከዚያ ወደ ሐኪም። የብረት ስባሪ ወግቶት ከሆነ ግን አትጠቡት፣ አትንቀሉት፣ አትጫኑት።

ጥያቄ፦ እኔም ብልጭ ይልብኛል፣ ግን አያምም...

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ዛሬ ሂድ።

ጥያቄ፦ እናቴን ከምሽት ጀምሮ ራሷን በጣም አሟታል፣ ታስመልሳለች፣ አንድ ዓይኗ ቀልቷል፣ አምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል ትላለች። ጨጓራ ነው ብለን መድኃኒት ሰጠናት።

መልስ፦ ጨጓራ አይመስለኝም። የዓይን ግፊት ድንገት ሲያሻቅብ ልክ እንዲህ ያደርጋል፣ በሰዓታት ውስጥ የዓይኑን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ውሰዳት፣ ካልሆነ ቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል።

— አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት፣ ሲነጋ ብወስዳትስ?

መልስ፦ ቀስቅሳት።