ከኢስታንቡል የሚመጣው ሲምባል ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ባንድ ውስጥ ድራም እመታለሁ። አክስቴ ለንግድ ኢስታንቡል ትመላለሳለችና በእጅ የተሠራ ራይድ ሲምባል (በስቲክ የሚመታውን ትልቁን የድራም ሳህን) ላስመጣ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን «ስም ነው እንጂ ምንም አይለይም» ይላሉ። ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ሞዴሎች የተለያየ ድምፅ ሲያወጡ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ተበላሽቶ ነው? (ድራመሩ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይለያል ወንድሜ። ግን ልዩነቱ ሲምባሉ ከሚሠራበት የብረት ቅይጥ አይደለም፤ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቲን ዛሬ አሜሪካም ካናዳም ያሉ ፋብሪካዎች ይጠቀማሉ። የአርመኖቹ የዚልጂያን ቤተሰብ ኢስታንቡል ላይ የሲምባል ሥራውን የጀመረው በ1623 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንዱ ክንፍ በ1929 አሜሪካ ፋብሪካ ከከፈተ በኋላም ኢስታንቡል የቀረው ወርክሾፕ እስከ 1970ዎቹ ቆይቷል። እዚያ ሙያውን የተማሩት አጎፕ ቶሙርጁክና መህመት ታምዴር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን አቋቋሙ። አጎፕ በ1996 ካረፈ በኋላ ነው ኢስታንቡል አጎፕ እና ኢስታንቡል መህመት የሚባሉት ሁለት ስሞች የመጡት፤ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ስታይ አንዱ ፎርጅድ እንዳይመስልህ።

ቅይጡ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ቲኑ ስለበዛ ሳያግሉት ቢዳምጡት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እቶን ገብቶ ይግላል፣ በመዳመጫው መሃል ያልፋል፣ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና፣ እስኪሳሳ ድረስ። በመጨረሻ እንደጋለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቢላ የሚሠራ ቀጥቃጭ ይሄን ቢያይ ግራ ይገባዋል፣ የእሱ ብረት ሲነከር ይደርቃላ፤ ይሄኛው ግን በተቃራኒው ለመዶሻ ይመቻል። ከዚያ ባለሙያው መስፍ ላይ አስቀምጦ በአንድ እጁ እያዞረ በሌላው ይቀጠቅጠዋል። ቀጥሎ ቶርኖ ላይ ታስሮ በስለት ይላጣል፤ ፊቱ ላይ የምታያቸው ቀጫጭን ክቦች የዚያ ዱካ ናቸው።

ነገሩ ያለው መዶሻው ላይ ነው። የሰው እጅ ሁሌ እኩል አያርፍም፤ አንዱ ምት ጠለቅ ይላል፣ ሌላው ወደ ጎን ያጋድላል። ስለዚህ ሳህኑ በሁሉም በኩል እኩል አይርገበገብም፣ ብዙ ድምፅ ይደባለቅና ጨለም፣ ሻከር ያለ ነገር ይወጣል፤ ጃዝ ድራመሮች የሚያብዱለት እሱ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሞዴሎች የተለያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፣ አልተበላሹም።

ስለዚህ አክስትህን የብራንድ ስም ብቻ ይዘው እንዲገዙ አትላካቸው። የሚገዙትን ያንኑ ሳህን አስመትተው በስልክ ይቅረጹልህ፣ ክብደቱንም ይጠይቁ። 22 ኢንች ራይድ ወደ 2200 ግራም ከሆነ ቀጭን ነው፣ ድምፁ ወፍራምና የሚዘረጋ፤ 2700 ከደረሰ ስቲክህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሥራህ ሠርግ ላይ ከሆነ፣ በዚያ ሁሉ ኪቦርድና ስፒከር መሃል፣ ቀጭኑን አልመክርህም፤ ይዋጣል።

ጥያቄ፦ ሲምባሌ ጠቁሯል። በምን ልወልውለው?

መልስ፦ ተወው። ጥቁረቱ ድምፁን ትንሽ ቢያለዝበው ነው፣ ሆን ብሎ የሚያስጠቁርም ሞልቷል። ጠንካራ መወልወያ ማርኩን ያጠፋዋል፤ ከተመታ በኋላ የጣት ላቡን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ይልቅ የማቆሚያውን ላይኛውን ብሎን አታክርረው፣ ከሳህኑ ከላይም ከታችም ፌልቱ (ለስላሳው የጨርቅ ቀለበት) ይኑር፣ መሃሉ ያለው ፕላስቲክ ቱቦ ካለቀም ቶሎ ቀይረው፤ ሳህኑ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።