የመሪ ፓምፕ ሲጮህ፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

መሪውን በዘይት ግፊት ስለሚያቀልለው የአሮጌ መኪና የመሪ ፓምፕ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር እንዳለ ፈልጉ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ሃይሉክስ ነው፣ ሞተሩ 3ኤል። ጠዋት ሳስነሳው መሪው በኩል ያቃስታል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ፓምፑን ቀይር ተባልኩ።

መልስ፦ አብሽር፣ ገንዘብህን ያዝ። በደሴ ብርድ ዘይት ይወፍራል፤ የወፈረ ዘይት ወደ ፓምፑ ቶሎ አይሳብም፣ ፓምፑም ዘይት ሲያጥረው ይጮኻል። መጀመሪያ ውስጡ ያለው ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ አረጋግጥ። ለዚህ መኪና የሚሆነው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ከተጨመረበት አስቀይረው። ፍሬን ዘይት ከሆነማ ውስጥ ያሉትን ዘይት የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች ሁሉ ያበላሻል።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የመሪ ዘይት ማስቀመጫውን ክዳን ክፈት። ዘይቱ አረፋ ካለው ወይም ቀይነቱ ደብዝዞ ሮዝ ከመሰለ አየር ገብቶበታል። የሚገባው ብዙ ጊዜ ከማስቀመጫው ወደ ፓምፑ በሚወርደው ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ሳቢ እንጂ ገፊ ስላልሆነ አንድ ጠብታ ሳያፈስ አየር ይስባል፤ መካኒኩ እርጥበት ስላላየ «ደህና ነው» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ደርቆ ከተሰነጠቀ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠህ በአዲስ ማሰሪያ እሰረው። ካጠረ ዘይት የሚችል ቱቦ ግዛ፣ የራዲያተር ቱቦ አይሆንም። ማስቀመጫው ሥር ወንፊት ካለውም እጠበው፤ ሲደፈን ያው ድምፅ ይመጣል።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ አየሩ እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሺና ከሥር መደገፊያ አድርጊ። ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለሽ 15 ወይም 20 ጊዜ አዙሪ፣ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር እየጨመርሽ። ከዚያ አስነሺና በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጪ፣ ጥቂት ጊዜ ድገሚው፤ ዳር ላይ ግን ይዘሽ አትቆዪ። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፊ። ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ዘይት ሞተሩ ሲሠራ ከነበረበት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ገና አየር አለበት። ጥቂት አሳርፈሽው ድገሚ።

ጥያቄ (መርሳ)፦ ኮሮላዬ ዳር ድረስ ስጠመዝዝ ብቻ ይጮኻል።

መልስ፦ «ሽሽሽ» ካለ ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ነው፣ ጤናማ ነው፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ግን አትያዘው። «ሲጥጥ» ካለ ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ላልቷል ወይም ጠርዙ አብረቅርቋል። ትንሽ ውሃ እርጭበት፤ ድምፁ ለአፍታ ከተለወጠ እሱ ነው።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ላንድክሩዘር ነው፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ። የመሪ ዘይት ይጎድላል፣ ይጮኻል፣ መሬት ላይ ግን ምንም የለም።

መልስ፦ በዚህ ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው ጥርስ እንጂ ቺንጋ አይደለም። የፓምፑ ዘንግ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ የመሪ ዘይት ወደ ሞተር ይገባል። የሞተር ዘይቱን መለኪያ ተመልከት፤ እየጨመረ ከሄደ ፓራኦሊዮውን ቀይር፣ የሞተር ዘይቱንም አብረህ። ናፍጣ ከሸተተህ ግን ጥፋቱን በናፍጣ ፓምፕ በኩል ፈልግ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሚኒባስ ነው፣ ፓምፑ በቺንጋ ይዞራል። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ መሪው ይከብዳል፣ ድምፁም ይብሳል። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ አረፋም የለውም።

መልስ፦ ያንተ ፓምፕ ራሱ ሳያልቅ አልቀረም። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በፓምፑ ውስጥ ያሉት ዘይቱን የሚገፉ ምላሶች ከተበሉ የቀጠነው ዘይት በጎናቸው ያመልጣል፣ ግፊት ይጠፋል። ለማረጋገጥ ቺንጋውን አውልቀህ ፑሊውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን መዘውር) በእጅህ አዙር፤ ከሻከረ ወይም ወዲያ ወዲህ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ከዘይቱ ጥቂት ነጭ ወረቀት ላይ ጣል፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ የብረት ነው። ያንን ሳታጥብ አዲስ ፓምፕ አትግጠም፣ ብናኙ እሱንም ይበላዋል። የመመለሻውን ቱቦ ነቅለህ ጠርሙስ ውስጥ ክተት፣ ማስቀመጫው ላይ ቱቦው የተነቀለበትን ቀዳዳ ድፈን፣ ንጹሕ ዘይት እየጨመርክ መሪውን አዙር። ጠርሙሱ ውስጥ የሚወርደው ጥርት እስኪል 2 ሊትር ያህል ልትጨርስ ትችላለህ።