ተራራው የፈጣሪ፣ ሳይክሉ የእኔ፤ ታዲያ ክፍያው የምን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። የተራራ ሳይክል ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት እገፋለሁ፤ እሑድ ሲሆን አስፋልቱን ትቼ በእግር መንገዱ እገባለሁ። ሰሞኑን የተራራ ሳይክል ውድድር እንዳለ ሰምቼ ልመዘገብ ብሄድ የተጠየቅሁት ገንዘብ የወር ደመወዜን ሩብ የሚበላ ሆነብኝ። ተራራው የፈጣሪ ነው። መንገዱን ያቀኑት ገበሬውና አህያው ናቸው። ሳይክሉ የእኔ፣ ላቡም የእኔ። ጓደኛዬ ለሩጫ የከፈለው የዚህን ሲሶ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ካናቴራ ሰጥተውታል። እየበሉን ነው ወይስ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «እየበሉን ነው ወይ» የሚለውን ጥያቄ እኔም ፊት ለፊት ተጠይቄዋለሁ። ደሴ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የሳይክል ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ ጥር ላይ ከቦሩ ሜዳ ተነስቶ በኩታበር አቅጣጫ ወጥቶ የሚመለስ የ34 ኪሎ ሜትር ውድድር እናሰናዳ ነበር። ያኔ የጻፍኩበት ደብተር ዛሬም እኔው ጋ ነው፤ ሰማያዊ ልባሱ ተቀዶ በፕላስተር ተይዟል። በግራ ገጽ የገባው፣ በቀኝ ገጽ የወጣው ሰፍሯል። በስድስቱም ዓመት የቀኙ ገጽ ይረዝማል። የምመልስልህ ከዚያ ደብተር ነው።

ከጓደኛህ ሩጫ ልጀምር። አዲስ አበባ ላይ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሮጥበታል። አንድ አምቡላንስ ለቀኑ 10,000 ብር ጠየቀ እንበል። 10,000 ሰው ሲካፈለው ለአንዱ 1 ብር ይደርሰዋል። እኛ በለመንንበት፣ ዘመድ ወዳጅ በቀሰቀስንበት ዓመት የተመዘገበው 96 ሰው ነበር። ለ96 ስታካፍለው ለአንዱ ከ100 ብር በላይ ይመጣል። አምቡላንሱ ያው አምቡላንስ ነው። ሰው እንጨምር ብንል ደግሞ መንገዱ አይችልም። አንተም ታውቀዋለህ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው፤ አንዱ ከወደቀ ከኋላው ያለው ሁሉ ፍሬን ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ወጪው የትልቅ ውድድር፣ ከፋዩ የትንሽ ውድድር ይሆናል። የዋጋው ግማሽ ምክንያት እዚህ ነው ያለው።

ጥርን የመረጥነው ወደን አልነበረም። መኸሩ ተሰብስቦ፣ ለበልግ እርሻ በሬ ገና ሳይጠመድ ያለችው ጠባብ ጊዜ እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ በማሳ ዳር ጎማ ማሳለፍ የሰው እህል መርገጥ ነው። ጥር ግን ጥምቀትም ነው፣ የሠርግ ወርም ነው። ሚኒባስ ስትከራይ የምትጫረተው ከሙሽራ ጋር ነው፤ ከሙሽራ ጋር ተጫርቶ ያሸነፈ የለም። ደብተሬ ላይ «ትራንስፖርት» የሚለው መስመር ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ሦስት ጊዜ ከፍ ብሎ ተጽፏል።

ቀጥሎ መንገድ ላይ የሚቆሙት ሰዎች አሉ። 96 ሰው ለሚጋልብበት ውድድር 41 ሰው መንገድ ላይ እናቆም ነበር። አስፋልት ቢሆን በአንድ መኪና ከፊትና ከኋላ ይጠበቃል፤ ተራራ ላይ ግን መኪና አይከተልህም። ከብት ውሃ በሚወርድበት አንድ ሰው ይቆማል። መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ሁሉ ደግሞ አንድ አንድ ሰው፤ ያሰርነውን ምልክት ሕፃናት ለጨዋታ ይፈቱታልና። ቁልቁለት ተጀምሮ ገደል ባለበት ሁለት ሰው፤ አንዱ የወደቀውን ሲያነሳ ሌላው ከላይ የሚመጣውን ያስቆማል። ውሻ ያለበት ግቢ ፊት ለፊት የግቢው ባለቤት ራሱ ይቆምልናል፤ ውሻው የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ለእሱም ቢሆን የቀኑ ይከፈለዋል፤ በነፃ ቁም ማለት ነውር ነው። ሸለቆ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ የእጅ ሬዲዮ እንከራያለን። እነዚህ ሰዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ውርጭ ላይ ናቸው፤ የመጨረሻው ጋላቢ ሳያልፍ አንዳቸውም ቦታቸውን አይለቁም። ቁርስና ምሳ፣ ሻይ፣ አበል፣ ማመላለሻ፣ ሁሉም በቀኙ ገጽ ላይ ነው።

አሁን ስለ አምቡላንሱ አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ውድድር ከመጀመራችን በፊት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ አዘጋጅ ባሰናዳው ርካሽ ውድድር ላይ ውሃ ለማቀበል ሄጄ ነበር። ክፍያው እውነትም ትንሽ ነበር፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እኔ ከቆምኩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በመሪው ላይ ተወርውሮ በትከሻው ወደቀ። ከአንገት ሥር ደረትንና ትከሻን የሚያገናኘው አጥንት ተሰበረ፤ ሳይክል ላይ ይህ አጥንት ቶሎ ይሰበራል፣ ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋና ትከሻው ስለሚቀድም። አምቡላንስ የለም። ሬዲዮ የለም። አንድ እረኛ ሮጦ ሄዶ ሰው ጠራ፤ የመንደሩ ቅሬ (ሌላው አገር ዕድር የሚለው) ሕመምተኛ የሚያወርድበትን ቃሬዛ ይዘው ስድስት ጎልማሶች መጡ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፣ መካከሉ በጠፍር የተጠላለፈ። ነጠላዬን አጥፌ ከትከሻው ሥር አደረግሁለት። አስፋልት እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በየእርምጃው ጥርሱን ሲያፋጭ እሰማ ነበር። ገንዘብ ያዥ የሆንኩ ቀን «አምቡላንስ ከመስመሩ አይወጣም» ብዬ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍኩት ስለዚያ ልጅ ነው።

እኛ ቦሩ ሜዳን የመረጥንበት አንዱ ምክንያትም ሆስፒታሉ እዚያው መሆኑ ነው። መኪና በማይገባበት ላይ ደግሞ ከቅሬዎቹ ጋር ተነጋግረን ቃሬዛና ተሸካሚ በሦስት ቦታ እናዘጋጅ ነበር፤ ለቅሬው ሣጥን የምናስገባው ገንዘብ ከመመዝገቢያው የሚወጣ ነው። አንተም የሰፈርህ ቅሬ አባል ትሆናለህ ብዬ እገምታለሁ። ወር በገባ ቁጥር ትከፍላለህ፤ በዚያ ወር ሰው ስላልሞተ ገንዘቤን መልሱ አትልም። የመመዝገቢያው ትልቁ ክፍል ከዚህ አይለይም። ደህና ከገባህ የከፈልክበትን ነገር አላየኸውም ማለት ነው።

ኢንሹራንስ አለ፣ የወረዳና የቀበሌ ፈቃድ፣ የፖሊስ ደብዳቤ፤ ወጪያቸው ያን ያህል አይደለም፣ ምልልሱ ግን ጫማ ይጨርሳል። ሰዓት መያዣው የተለየ ነው። በመሪህ ላይ ከሚታሰረው ቁጥር ጀርባ ወረቀት የመሰለ ቺፕ ይለጠፋል፤ ባትሪ የለውም፣ መነሻና መድረሻ ላይ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ስታልፍ ምንጣፉ ራሱ ይቀሰቅሰውና ያነበዋል። ቺፑ ርካሽ ነው። የሚከብደው ምንጣፉን፣ ማሽኑንና ባለሙያውን ከአዲስ አበባ ማምጣት፣ ማሳደርና መመለስ ነው፤ ለ96 ሰውም ለ5,000 ሰውም ዋጋው ብዙም አይለያይም። ሁለት ዓመት አስመጣን፤ በሦስተኛው ዓመት ተውነው። ሁለት አስተማሪዎች በወረቀትና በእጅ ሰዓት መዘገቡ፣ አንዱ የሌላውን አመሳከረ፤ አንድም ቅሬታ አልመጣም። መቶ ለማይሞላ ሰው ቺፕ ማምጣት ትርፍ ወጪ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ካናቴራና ሜዳሊያም እንዲሁ ናቸው። ለጓደኛህ ካናቴራውን የሰጠው ስፖንሰር ነው፤ ለእኛ ውድድር ስፖንሰር የሚመጣው ተለምኖ ነው፣ ሲመጣም በውሃና በብስኩት ነው። ካናቴራውን ከመመዝገቢያው ገንዘብ የሚያሰፋ አዘጋጅ ግን የአንተኑ ገንዘብ አልብሶህ ነው የሚሸኝህ። ሽልማቱንም ተመልከተው። ለሦስት ሰው የሚሰጠው ገንዘብ ከዘጠና ሰው ኪስ የሚወጣ ከሆነ አዘጋጁ ያንን በግልጽ መናገር አለበት።

ውጭ አገርም ርካሽ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕ ኤፒክ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የስምንት ቀን ውድድር አለ፤ የሚጋልቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። የአንድ ጥንድ መመዝገቢያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ራንድ ነው። በምላሹ ለዚያ ሁሉ ሰው ድንኳን ይተከላል፣ ምግብ ይበስላል፣ ሐኪሞች አብረው ይጓዛሉ። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ያለችው ሌድቪል ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የማዕድን ከተማ ናት፤ ብርዱ ከጉጉፍቱ ይወዳደራል። የማዕድን ማውጫው ሥራ ሲቆም እንግዳ መጥቶ እንዲያድርና እንዲበላ ብለው እ.ኤ.አ. በ1983 የ100 ማይል ሩጫ ጀመሩ፤ በ1994 የተራራ ሳይክሉን ጨመሩበት። ዛሬ የሚገባው ሰው በዕጣ ነው የሚለየው። ዕጣ እስኪወጣበት ድረስ የተፈለገ ውድድር ዋጋው ከወጪው ጋር ብቻ የሚሄድ አይሆንም፤ ፈላጊው ራሱ ያንረዋል። ወሎ ውስጥ ግን እዚያ አልደረስንም፤ እዚህ ዋጋው ከተወደደ ምክንያቱ ወጪው ነው፣ ወይም የማያስፈልግ ነገር ተጨምሮበታል።

ከመክፈልህ በፊት አዘጋጁን ሄደህ ጠይቀው። አምቡላንሱ የት ይቆማል? መንገድ ላይ ስንት ሰው ታቆማላችሁ? ኢንሹራንሱ እኔን ይሸፍናል? ለምናልፍባቸው ቀበሌዎች ምን ትተዋላችሁ? አፍታትቶ ከነገረህ፣ ገንዘቡ ካለህ ክፈል። ስለ ካናቴራውና ስለ ሙዚቃው ብቻ ካወራህ ተወው። ገንዘቡ ከሌለህ ደግሞ በሠራተኛነት ተመዝገብ፤ የጋራዥ ልጅ ነህ፣ ካቴና የሚቀጥል፣ ራጂ የሚያቃና፣ ከመነዳሪ የሚለጥፍ ሰው መንገድ ላይ ሁሌም ይቸግረናል። እኛ አንድ ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያለ ክፍያ ይጋልብ ነበር። አዘጋጁ ይህን አስቦት ላያውቅ ይችላል፤ አንተ አንሳለት።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው የምጽፈው። ለውድድር ከፍዬ ሳለ አሥር ቀን ሲቀረው ወባ ያዘኝና ተኛሁ። ገንዘቤን መልሱልኝ ብል «አንመልስም» አሉኝ። ይህ አግባብ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አሥር ቀን ሲቀር ገንዘቡ እጅ ላይ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ኢንሹራንሱ በስም ዝርዝር ተከፍሏል፣ ቁጥርሽ ታትሟል፣ የመኪናው ቀብድ ተሰጥቷል፣ ዳቦው ታዟል። አንቺ ስለቀረሽ አምቡላንሱ ዋጋ አይቀንስም። ሙሉውን መልሱ ማለት ከሌሎቹ ኪስ አውጡልኝ ማለት ይሆናል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን «አንመልስም» ብሎ በሩን መዝጋት ልክ አይደለም። እኛ ሦስት ነገር ደንግገን ነበር። ውድድሩ ወር ሲቀረው የቀረ ሰው አብዛኛው ገንዘቡ ይመለስለታል። ቁጥር እስኪታተም ድረስ ቦታውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት በግማሽ ዋጋ ይገባል። ይህ ማኅበሩን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ሰዉ ቀደም ብሎ መመዝገብ ስለጀመረ ስንት ዳቦ እንደምናዝ አስቀድመን እናውቅ ነበር። አሁንም ሄደሽ የሚቀጥለውን ዓመት ጠይቂ፤ የሐኪም ወረቀትሽን ያዢ። ውድድሩን የሰረዘው አዘጋጁ ራሱ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ ያላወጣውን ሁሉ የመመለስ፣ ያወጣውንም በደረሰኝ የማሳየት ግዴታ አለበት።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነኝ። እኔና ጓደኞቼ ሳንከፍል ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ ኋላ ብንጋልብ ማንን እንጎዳለን? መንገዱ የሕዝብ ነው።

መልስ፦ መንገዱ የሕዝብ ነው፤ በማግስቱ ጋልቡበት። በዕለቱ ግን ተዉት። በመጨረሻ የሚጋልበው የእኛ ሰው ሥራው ቆጠራ ነው፤ 96 ወጣ፣ 96 ገባ ብሎ ሲፈርም ነው ሰዎቹ ከተራራው የሚወርዱት። አንድ ዓመት ገደሉ ጋ የቆመው ልጅ «ቁጥር የሌለው ሰው ወደ ታች አለፈ» ብሎ በሬዲዮ ነገረን፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ «እኔ ጋ አልደረሰም» አለ። ስሙን አናውቅ፣ ስልኩን አናውቅ። አሥራ ሁለት ሰው ገደሉን እየተጣራ ፈለገ፤ የመንደሩም ሰው ቃሬዛውን ይዞ ወጣ። ልጁ በአቋራጭ ታጥፎ ቤቱ ገብቶ ኖሯል፤ ያወቅነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የቆሙት ነበሩ፤ ምሳቸው በፌስታል እንደታሰረ ሚኒባሱ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።