«የሆቴል አይቲ ነኝ፣ ልምድ የለኝም» ላልሽኝ እህት

ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቀሽ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በአይቲ ሠራተኛነት ተቀጥረሻል። በክረምቱ መብረቅ ዋናው ራውተር ተቃጠለ። ኮንፊጉን፣ ማለትም የራውተሩን ቅንብር፣ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። አዲስ ተገዝቶ ከባዶ እስክትሠሪው ድረስ እንግዳው ያለ ዋይፋይ፣ ሪሴፕሽኑ ያለ ሲስተም ከረመ። ከዚያ ወዲህ የኮንፊጉን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መያዝ ጀምረሻል። ማናጀርሽ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ቀልዶብሻል። አንቺም «ይሄ ፍላሽ ላይ ፋይል መገልበጥ ነው፣ ሲቪ ላይ አይጻፍም፤ ሲሲኤንኤ (የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠው የሙያ ሰርተፊኬት) ካልያዝኩ ማንም አይቀጥረኝም» ብለሻል።

ከሲሲኤንኤው ልጀምር፣ ቶሎ ያልቃል። ፈተናው 300 ዶላር ነው። ብሩ ቢገኝ እንኳ ዶላሩን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ትምህርቱን ግን ዛሬውኑ ጀምሪው። ኔትወርክ ኮምፒውተር ላይ የሚያለማምደው ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል፣ ደህና ላፕቶፕ ይበቃዋል። ፈተናውን ደሞዝሽ ሲፈቅድ ወይም የሚከፍልልሽ መሥሪያ ቤት ስታገኚ ትወስጂዋለሽ። የወረቀት ጠላት አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየት የሚችል ሰው ከወረቀቱ በፊትም ይሰማል።

አሁን ወደ ዋናው። ባክአፕ መያዝሽ ልምድ ነው፣ ግን ግማሽ ልምድ ነው። «ባክአፕ አለኝ» የሚል ሞልቷል። «ራውተሩ ቢቃጠል በዚህን ያህል ደቂቃ መልሼ አስነሳዋለሁ፣ ሞክሬዋለሁ» የሚል ግን ጥቂት ነው። ኢንተርቪው ላይ የኔትወርክ ኃላፊው ተቀምጦ ከሆነ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። አንቺ ደግሞ የመጀመሪያውን እንኳ በደንብ አልያዝሽውም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

«ዊንቦክስ ከፍቼ ፋይልስ ውስጥ ባክአፕ የሚለውን እጫናለሁ» ብለሻል። ዊንቦክስ የማይክሮቲክ ራውተሮች ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ ማይክሮቲክ ላይ ይህ የሚሰጥሽ ተከፍቶ የማይነበብ ፋይል ነው። የተሠራውም እዚያው መሣሪያ ላይ ለመመለስ ነው። ያንቺ ራውተር እኮ ተቃጥሏል! ሱቅ ስትሄጂ ያው ሞዴል ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከእሱ ጋር ኤክስፖርት የሚባለውንም ያዢ። እሱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል፣ ይነበባል። ሌላ ሞዴል ላይ የፖርቶቹን ስም አስተካክለሽ ልትጭኚው ትችያለሽ።

ኤክስፖርትም ሁሉን አይዝም። ራውተር ኦኤስ 7 (የማይክሮቲክ ሥርዓተ ክወና) ላይ ፓስወርዶችን ራሱ ይደብቃቸዋል፤ ካልጠየቅሽው አይሰጥሽም። ወደ ራውተሩ የምትገቢበት የተጠቃሚ ፓስወርድ፣ ሰርተፊኬቶችና የዩዘር ማናጀር (የተጠቃሚዎች መዝገብ) ዳታቤዝ ደግሞ ጭራሽ አይገቡበትም። ሆቴሉ ለእንግዳ የሚሰጠው የዋይፋይ ኩፖን በዩዘር ማናጀር የሚሠራ ከሆነ፣ ኮንፊጉ ተመልሶ እንግዳው አሁንም አይገባም ማለት ነው። ያንን ዳታቤዝ ለብቻው ያዢው።

የሲስኮ ስዊቾችም (የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኙት መሣሪያዎች) አሉን ብለሻል። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ። አሁን እየሠራ ያለው ኮንፊግ ራም ላይ ነው ያለው። ስዊቹ ሲነሳ ወደሚያነበው ስታርትአፕ ኮንፊግ ካላስቀመጥሽው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባሕር ዳር ደግሞ መብራት ሲሄድ ማንንም አያስፈቅድም። ማይክሮቲክ ለውጡን ወዲያው ስለሚያስቀምጥ ከእሱ የመጣ ሰው ሲስኮ ላይ በቀላሉ ይዘናጋል። ሁለተኛው የቪላን፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ የሚከፋፍሉት ክፍሎች፣ ዝርዝር ነው። ስዊቹ ቪቲፒ (የቪላን ዝርዝሩን ከስዊች ወደ ስዊች የሚያዳርሰው) ሰርቨር ሞድ ላይ ከሆነ፣ ቪላኖቹ ፍላሽ ሜሞሪው ላይ ባለ ቪላን ዳት በሚባል ሌላ ፋይል ይቀመጣሉ። ኮንፊጉን ብቻ ይዘሽ አዲስ ስዊች ላይ ብትጭኚ ፖርቶቹ ቪላናቸውን ፈልገው ያጡታል።

ፋይሎቹን የት ነው የምታስቀምጫቸው? «ጉግል ድራይቭ ላይና በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ» ያልሽው አሳስቦኛል። ራውተሩ ሲቃጠል ኢንተርኔቱም አብሮ እንደሚጠፋ አትርሺ። ድራይቩ በጣም በሚያስፈልግሽ ሰዓት አይከፈትም። አንድ ቅጂ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ግን ከራውተሩ ክፍል ውጭ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይኑር። ሌላው ከግቢው ውጭ ይሁን። ቴሌግራሙን ግን ተይው። ኮንፊግ ውስጥ የሆቴሉ ፓስወርድ አለ። የሲስኮ ታይፕ 7 የሚባለው የፓስወርድ አጻጻፍ የተመሰጠረ ይመስላል እንጂ ማንም በሰከንድ ይፈታዋል። ፋይሉን ቆልፈሽ አስቀምጪ፤ ማን መክፈት እንደሚችልም ከማናጀርሽ ጋር ተነጋገሪ። ለልምምድ በየቪዲዮው የሚታየው ቲኤፍቲፒ የሚባል ፋይል ማስተላለፊያም ያለ ፓስወርድና ያለ ምስጠራ ነው የሚሠራው። ላብ ላይ ይማሩበታል፤ ሥራ ላይ የሚመሰጥረውን ኤስሲፒ ተጠቀሚ።

(በነገራችን ላይ መብረቁ የገባው ከሪሴፕሽን ሐይቁ ዳር እስካሉት ጎጆዎች በተዘረጋው ረጅም የመዳብ ኬብል ሊሆን ይችላል። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ቢሆን በዚያ በኩል አይመጣም ነበር። ማናጀርሽ በጀት ሲጠይቅሽ አንሺለት።)

አሁን ሲቪ ላይ ወደሚጻፈው እንምጣ። በእጅ መያዙን አቁሚና ሥራውን ለማሽን ስጪው። ኦክሲዳይዝድ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭነሽ ታስኬጂዋለሽ። ሲስኮንም ማይክሮቲክንም ያውቃል። ካልቀየርሽው በየሰዓቱ ወደ መሣሪያዎቹ ገብቶ ኮንፊጉን ያመጣል። ጊት (የፋይል ለውጥን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ላይ እንዲያስቀምጥ ካደረግሽው የትኛው መስመር መቼ እንደተቀየረ ያሳይሻል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል። በፓይተን ፕሮግራም መጻፍ ከወደድሽ ደግሞ ኔትሚኮ በሚባለው፣ ወደ መሣሪያዎቹ በሚያስገባ የፓይተን ላይብረሪ የራስሽን አጭር ስክሪፕት ጻፊ። ለመማር ይሄ ይሻላል፤ ለሆቴሉ ግን አንቺ ስትለቂም የሚቀጥለው የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ሙከራው ይመጣል። መለዋወጫ ራውተር ካለ ማናጀርሽን አስፈቅደሽ ውሰጂ። ከሌለ ማይክሮቲክ ሲኤችአር የሚባለውን በሶፍትዌር ብቻ የሚሠራ ራውተር ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ። ነፃው ላይሰንስ ፍጥነቱን በየኢንተርፌሱ በ1 ሜጋቢት ይገድበዋል፣ ለሙከራ ግን ምንም አይልም። ራውተሩን ያለ ፋብሪካ ኮንፊግ ባዶ አድርጊና ኤክስፖርቱን ጫኚ። አለበለዚያ ከውስጡ ካለው ጋር ይጋጫል። ስህተት ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የቆመበትን መስመር ጻፊ፣ አስተካክይ፣ ድገሚ። ሰዓት ያዢ። ሲያልቅ ማንም አይቲ ያልሆነ ሰው ጭምር ሊከተለው የሚችል አንድ ገጽ መመሪያ ጻፊ። ፋይሉ የት እንዳለ፣ የቱ ገመድ የቱ ፖርት ላይ እንደሚሰካ፣ ማን ጋ እንደሚደወል ይኑረው።

ሲቪሽ ላይ «ኔትወርክ እችላለሁ» የሚለውን አጥፊውና ይህን ተኪ፦ «የሆቴሉን ራውተርና ስዊቾች ኮንፊግ በራሱ የሚይዝ ሥርዓት ዘርግቻለሁ፤ በተለዋጭ መሣሪያ ላይ በ... ደቂቃ ወደ ሥራ መመለሱን በሙከራ አረጋግጫለሁ።» የደቂቃውን ቦታ ባዶ የተውኩት ለካሽ እንድትሞይው ነው። ከራስሽ አውጥተሽ እንዳትጽፊ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እንዴት ለካሽው?» ነው። ናሙና አሳዪ ካሉሽ የሆቴሉን ኮንፊግ ሳይሆን የላብሽን ይዘሽ ሂጂ። የቀድሞ ቀጣሪውን ፓስወርድ ይዞ የሚዞር ሰው የእኛንም ይዞ ይዞራል ብለው ነው የሚያስቡት፣ ልክም ናቸው።

«አዲስ አበባ ልሂድ ወይ?» ላልሽው፣ ገና ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆስፒታሎቹም፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችም፣ የክልል ቢሮዎችም ኔትወርክ አላቸው። ማስታወቂያው ግን ብዙ ጊዜ «የኔትወርክ ባለሙያ» ሳይሆን «የአይሲቲ ባለሙያ» ወይም «አይቲ ኦፊሰር» እያለ ነው የሚወጣው፤ ርዕሱን አይተሽ አትለፊው፣ ዝርዝሩን አንብቢ። ሙከራውን ከጨረስሽ በኋላ ሲቪሽን ላኪልኝና አብረን እናስተካክለዋለን።