ሁለት ጊዜ «ቫይረስ ነው» የተባለው የወንድሜ የልብ ሕመም በዘር የመጣ ሆኖ ተገኘ

ጥያቄ፦ ረጅም ርቀት መሮጥ የሚወደው የ29 ዓመቱ ወንድሜ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከባድ የደረት ሕመም ይዞት ሆስፒታል ገብቷል። የልብ ደም ሥሮቹ ጤነኛ ሆነው ስለተገኙ ቫይረስ ያመጣው የልብ ጡንቻ ብግነት ነው ተባለ። አሁን ግን በኤም.አር.አይ. ልቡ ላይ ጠባሳ ታየ፤ በዘረመል ምርመራም ዴስሞፕላኪን የተባለው ዘረመል ላይ ሕመም የሚያመጣ ለውጥ እንዳለበት ተነገረን። የእናታችን ወንድም በ40 ዓመቱ ድንገት ነው ያረፈው። በዘር የሚመጣ በሽታ እንዴት እንደ ኢንፌክሽን ይቆጣል? ጠባሳውስ ይጠፋል? ምንም የማይሰማኝ እኔ እህቱ ልመርመር?

መልስ፦ ሊዘገይ የማይገባው የመጨረሻው ጥያቄዎ ነውና ከእርሱ ልጀምር፤ አዎን፣ ይመርመሩ። ይህ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወላጅ ብቻ ስለሚወረስ እርስዎም የመውረስ ዕድልዎ 50 በመቶ ነው።

የልብ ጡንቻ ሕዋሳት በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ያህል ሲኮማተሩና ሲላሉ እንዳይለያዩ እርስ በርስ የሚያጣብቋቸው ማያያዣዎች አሏቸው፤ ዴስሞፕላኪን ደግሞ እነዚህን ማያያዣዎች ከሕዋሱ ውስጣዊ ማገር ጋር የሚያስር ፕሮቲን ነው። ይህ ማሰሪያ ሲደክም ሕዋሳቱ በመሳሳብ ብዛት ይጎዳሉ፣ ይሞታሉም፤ የሞተውን ለማጽዳትም የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። የተጎዱት የልብ ሕዋሳት ራሳቸው የብግነት መልእክት እንደሚያመነጩም በጥናት ታይቷል። በዚህ ጊዜ ደረት ያማል፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን ይጨምራል፤ በመሆኑም ከቫይረስ ብግነት ለመለየት ልምድ ላለው ሐኪም እንኳ አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ ሲደጋገም፣ ይልቁንም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት ያረፈ ሰው ካለ፣ ስለ ዘር መጠየቅ እንደሚገባ አጥብቄ አምናለሁ።

ጠባሳው አይጠፋም። የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ራሳቸውን የመተካት አቅማቸው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በሞቱት ቦታ ጠንካራ የጠባሳ ሕብረ ሕዋስ፣ አንዳንዴም ስብ ይተካል፤ ብግነቱ በተመለሰ ቁጥርም ጠባሳው ሊሰፋ ይችላል። ጠባሳ የኤሌክትሪክ ሞገድን በአግባቡ ስለማያስተላልፍ ሞገዱ በዙሪያው እየተሽከረከረ ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ምት መዛባት ያስነሣል። በዚህ ዘረመል ለውጥ ጊዜ ጠባሳው ብዙውን ጊዜ በግራው የልብ ክፍል፣ የመርጨት ኃይሉ ገና ሳይቀንስ ይጀምራል። የልብ አልትራሳውንድዎ ደህና ነው ቢባሉም ኤም.አር.አይ. ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ማያያዣዎቹ በቆዳም ውስጥ ስላሉ ምልክቱ አንዳንዴ ከልብ ውጭ ይታያል። የግሪክ ሐኪሞች በ1986 እ.ኤ.አ. በናክሶስ ደሴት የገለጹት ተመሳሳይ የልብ በሽታ ከከርዳዳ ጠጉርና ከወፈረ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ጋር የሚመጣ ነበር። ከርዳዳ ጠጉር በእኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ብዙም አይጠቁምም፤ ከልጅነት ጀምሮ የወፈረ መዳፍ ያለው ዘመድ ካለ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወንድምዎ ሩጫውን ማቆም አለበት፤ ከባድ እንቅስቃሴ የላላውን ማያያዣ ይበልጥ ይጎዳልና። የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶችና፣ አደጋው ከፍተኛ ከሆነ፣ አደገኛ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያቆም በደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ አሉ። ብግነቱን የሚያፍን መድኃኒት በአይጦች ላይ የበሽታውን እድገት ገትቷል፤ ለሰው ግን ገና የተረጋገጠ ሕክምና ስላልሆነ በራሳችሁ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት የሚያፍን መድኃኒት ገዝታችሁ እንዳትሰጡት አደራ።

ወደ ምርመራ ሲሄዱ የወንድምዎን የዘረመል ውጤት ወረቀት ይያዙ፤ ላቦራቶሪው ያንኑ ለውጥ ለይቶ ይፈልጋል። ከሌለብዎት ከተደጋጋሚ ክትትል ነፃ ይሆናሉ፤ ካለብዎት ግን ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የ24 ሰዓት የምት ቅጂና ኤም.አር.አይ. ያስፈልግዎታል። እናታችሁም ይመርመሩ፤ የሟች አጎታችሁ ልጆች ካሉም ይህ ወሬ ዛሬውኑ ይድረሳቸው።