ሦስቱም ጉልቻ ጥቁር ድንጋይ ነው

እህቴ፣ «የ6ኛ ክፍል ልጄ ሦስት ዓይነት ድንጋይ አምጣ ተብሏል። ደብረ ብርሃን ግን የትም ብንዞር ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሌላው የት ይገኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አልተሳሳትሽም። እኛ ሰፈር ለጉልቻ ሦስት ድንጋይ ብትለቅሚ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም። ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት ከምናምን ኮብልስቶን ጠርቤያለሁ። ከዚያ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ጀማ በረሃ ስወጣ ስወርድ ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጥቁሩን ድንጋይ አትናቁት። ባዛልት ይባላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቃ የቀለጠ አለት እየፈሰሰ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ከላዩ እየተነጠፈ፣ ደጋችንን እንደ መሶብ እንጀራ የደራረበው እሱ ነው። ትምህርት ቤት ከሚያስተምራቸው ሦስት የድንጋይ ዓይነቶች የመጀመሪያው፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወለደው፣ ግቢሽ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ግን ጥቁሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ኮብል ስትጠርቢ በሁሉም በኩል 10 ሳንቲሜትር አድርገሽ ነው የምታስረክቢው። ጥሩው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። አንድ ቀን ለመፈለጥ የቀለለኝን ድንጋይ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ሙሉ ቀን ጠረብኩ። ማታ ተቆጣጣሪው አንዱን አንስቶ አየው። ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል። «ይሄ ስፖንጅ ነው» አለና የቀን ሥራዬን በሙሉ ጣለው። ተናድጄ ቤት ስገባ አያቴ ወፍጮዋን እየወቀረች ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳየው ያው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው ድንጋይ ነው! ለካ የቀለጠው አለት ሲፈስ በውስጡ ያለው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሳያመልጥ ሲደርቅበት ደግሞ አረፋው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የአንዱ ፍሳሽ መሐሉ ድፍን፣ ላዩ ባለ አረፋ ነው። ለመንገድ ያልሆነው ለወፍጮ ሆነ። የቀዳዳው ጠርዝ ነው እህሉን የሚይዘው። ልጅሽ ሁለቱንም ይያዝ፣ አስተማሪው ይወደዋል።

ወደ ጣርማ በር ስትሄዱ ደግሞ ገደሉን እዩት። ሰው ጠርቦ ያቆመው የሚመስል ባለ ብዙ ጎን ምሰሶ የተደረደረበት ቦታ አለ። ማንም አልጠረበውም። ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ታውቂያለሽ። ትኩሱ አለትም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ወደ ውስጥ እየጠለቀ ምሰሶ ይሆናል። ነጣ ያለው የቤት ድንጋይስ ካልሽ፣ እሱም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ያ ግን የፈሰሰ አይደለም፣ ትኩስ አመድ ወርዶ የተጋገረ ነው።

በነገራችን ላይ ልጁ «ኦፓል ካልገዛችሁልኝ» እንዳይል። መዘዞ አካባቢ የሚወጣውን ይህን የከበረ ድንጋይ አንዴ ገዝቼ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር። ውስጡ ውሃ አለው፣ ፀሐይ ሲያደርቀው ተሰነጣጠቀ። ገንዘቤም አብሮ።

ሁለተኛው፣ ደለል ተጠራቅሞ የሚሠራው፣ ደጋው ላይ አይታይም። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ተቀብሯል። ለማየት እንደ ጀማ ያለ ወንዝ የቆረጠውን ገደል መውረድ ነው። በለሚ አድርገሽ ወደ ዓለም ከተማ ስትወርጂ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር የድንጋዩ መልክ ይቀየራል። ከላይ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ አገር ባሕር ነበር ብትዪው ልጅሽ አያምንሽም፣ ግን የኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ። እኔ ጎማ ስንቀይር ቁጭ ብዬ በጥፍሬ ቆፍሬ አውጥቻለሁ። ለሚ ላይ ያ ሁሉ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ለዚህ ድንጋይ ተብሎ ነው። ቤት የሚለሰንበት ጂፕሰምም የዚያው ባሕር ዝቃጭ ነው። ውሃው ሲተን እንደ ጨው ቀረ። በጥፍር ይፋቃል።

ሦስተኛው ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ ጋ ለቅመሽ አታገኚውም። እሱ በሙቀትና በጫና መልኩን የቀየረ ድንጋይ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ግን እዚሁ ማሳየት ትችያለሽ። መንገድ የቆረጠውን ገደል ስታዪ በሁለት ጥቁር ንጣፍ መሐል ቀይ መስመር አለ። የድሮ አፈር ነው። የሚቀጥለው ትኩስ ፍሳሽ ሲያልፍበት እንደ ሸክላ ተጠበሰ። እንደ ገል ጠንከር ይላል። ሙሉ ለሙሉ ልውጥ ድንጋይ አይባልም፣ ልጁ ግን «መጠበስ» ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

እውነተኛውን ከፈለግሽ እብነ በረድ የሚቆርጡ ቤቶች ሂጂና ፍርፋሪ ለምኚ። ሴራሚክ እንዳይሰጡሽ፣ የተፈጥሮውን በይ። ከቤንሻንጉል ዳለቲ የሚመጣው ጥሩ ነው። እብነ በረድ ማለት ከመሬት በታች ተጨቁኖና ግሎ የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ወጥ ቤትሽ አለ። ሁለቱንም በሚስማር ፋቂና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርጊ። የጀማው የኖራ ድንጋይ ይፈላል። እብነ በረዱም ይፈላል፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥቁሩ ላይ ብታፈሺው ዝም ይላል። ልጁ ይህን ክፍል ውስጥ ቢያሳያቸው ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ይበልጣል።

ድንጋይ ስትሰብሩ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ፍንጣሪው አይምርም። እያንዳንዱ ላይ ከየት እንዳነሳችሁት ጻፉበት። ጀማ የሚወርድ ሰው ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የድሮ ሾፌሬ አሁንም ይመላለሳል፣ አንድ ቁራጭ ያመጣልሻል።