«ውጪ እንገናኝ» ከተባለ በኋላ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከትምህርት ቤታችን ወደ ጣና ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጠብ አይጠፋም። ባለፈው የሰፈሬ ልጅ በድንጋይ ተመቶ የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ዳይሬክተሩ «ወላጅ አምጡ» ብለው ሁሉንም ለአንድ ሳምንት አባረሯቸው። ሲመለሱ ጭራሽ ባሰባቸው። ከጓደኞቼ ጋር ክበብ እናቋቁም ብለን ነበር፣ አንዱ መምህር ግን «እናንተ ትምህርታችሁን ተማሩ» አለን። እውነት ተማሪ ምን ማድረግ ይችላል?
ገላጋዩ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ ብዙ ትችላላችሁ። መምህርህ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ግን ተሳስቷል። እኔም ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እኛ መምህራን ጠቡን የምንሰማው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። እናንተ ግን ጠዋት ታውቃላችሁ። ማን ማንን ሰደበ፣ በቴሌግራም ማን ምን ለጠፈ፣ ማን ለማን «ውጪ እንገናኝ» አለ፣ ይሄ ሁሉ ገና ሰልፍ ላይ ሳላችሁ ይወራል። ከዚያ እስከ መውጫው ደወል ድረስ ያለው ሰዓት የእናንተ ነው።

ደግሞ አስተውለህ ከሆነ፣ ግማሹ ተጣይ ያዙኝ ልቀቁኝ ባይ ነው። መደባደቡን ከልቡ አይፈልገውም፤ ግን ሃምሳ ልጅ ከቦት «በለው! በለው!» እያለ «ተውኩት» ቢል ነገ ፈሪ ሊባል ነው፣ ስለዚህ ሳይወድ ይሰነዝራል። ክበባችሁ መጀመሪያ በዚህ ይስማማ፦ ከበን አንቆምም፣ በስልክ አንቀርጽም፣ ጓደኛችንንም እጁን ይዘን ወደ ቤት።

አንድ ጊዜ ሁለት ተማሪዎቼ አንዷ ተውሳ ባልመለሰችው ደብተር ተጣሉ። ፀጉር ለመጎታተት ቀጠሮ ይዘዋል። ሦስተኛዋ ልጅ በእረፍት ሰዓት ሁለቱንም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወስዳ አስቀመጠቻቸው፣ ምሳዋን፣ አንዲት ዳቦ፣ ለሦስት ቆረሰችው፣ ከዚያ ተራ በተራ አስወራቻቸው። ለካ የተዋሰችውን ደብተር ታናሽ ወንድሟ ቀዶባት ኖሯል፣ ለመናገር አፍራ ነው ዝም ያለችው። እኔ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ያቺ ልጅ ማንም አላሠለጠናትም፤ ሽማግሌ ቤታቸው ሲቀመጥ እያየች ነው ያደገችው። ሁለቱንም ስማ፣ ለመፍረድ አትቸኩል፣ የሰማኸውን አታውራ። ሌላ ጥበብ የለውም።

አሁን አደራዬን ስማኝ። «ገላጋዩ» ብለህ መፈረምህ አስፈርቶኛል። አሜሪካ፣ ሻርሎት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ የዌስት ሻርሎት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ጠብ ሊገላግል ገብቶ ተገደለ። ጓደኞቹ በዚያ ሐዘን ተሰብስበው «ሴቭ» የሚባለውን በተማሪዎች የሚመራ የፀረ ጥቃት ክበብ መሠረቱ፣ ቆይቶም ወደ ሌሎች ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ክበቡ ጥሩ ነው፣ ልጁ ግን ለእናቱ አልተመለሰላትም። ስለዚህ ዱላ ከተነሳ፣ ድንጋይ ከተወረወረ መሃል አትግባ። ሮጠህ ትልቅ ሰው ጥራ። ስለት ይዟል የሚባል ልጅ ካለ፣ ሴቶችን መንገድ ላይ የሚያስቸግር ካለ፣ «ራሴን አጠፋለሁ» ያለ ካለ ደግሞ ክበብ ውስጥ አትምከሩበት፤ ያኑ ዕለት ለምታምኑት መምህር ንገሩ። ይሄ ማሳበቅ አይደለም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። የሚደግፋችሁ አንድ መምህር ፈልጉ። ሚኒ ሚዲያ ወይም የሥርዓተ ፆታ ክበብ ካላችሁ አዲስ ፈቃድ ስትጠብቁ ዓመቱ ከሚያልቅ በዚያው ሥር ጀምሩ። አባል ስትመርጡ ግን ጎበዝ ተማሪዎችን ብቻ እንዳትሰበስቡ። ድንጋዩን የወረወረውንም ልጅ ጥራው። መጀመሪያ ይስቅብህ ይሆናል፣ ድጋሚ ጥራው። ተደባዳቢዎቹ ከአንተ ይልቅ እሱን ነው የሚሰሙት።